ከልክ ያለፈው ጨው

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽስ እንዴት ሆነልሽ? ጠብታውን ሳታቋርጪ ታደርጊያለሽ ወይስ ‘ድኛለሁ’ ብለሽ ተውሽው? ጎረቤትሽ ስትደውልልኝ መርፌ ላይ ክር ለብቻሽ ማስገባት ጀምረሻል አለችኝ። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። እንግዲያው ይህን ደብዳቤም ራስሽ አንብቢው፤ ማንንም አታስነብቢ።

እኔን ከጠየቅሽ ደክሞኛል፣ እማዬ። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እቀራለሁ። ሥራው ያው የምታውቂው የሳሙና ፋብሪካ ነው፤ ሰባት ወር ሙሉ ያደከመኝ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ልንገርሽና ይውጣልኝ።

ፈሳሽ ሳሙና እቀላቅላለሁ እያልኩሽ እንዴት እንደሚቀላቀል ግን ነግሬሽ አላውቅም። ውሃና ዘይት አንድ ዕቃ ውስጥ ብታደርጊያቸው አይስማሙም፤ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከታች ይቀራል። የሳሙና ቅንጣት ግን አንዱ ጫፏ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፏ ዘይት። ስለዚህ ሄዳ ድንበራቸው ላይ ትቆምና ሁለቱንም ይዛ ታስታርቃለች፤ ቅባት ከሰሃን የሚለቀው በዚህ ነው። ድንበሩ ላይ ቦታ ያጡት ደግሞ ውሃው ውስጥ እርስ በርስ ይሰባሰባሉ። ጨው ስንጨምር ስብስባቸው እንደ ክር እየረዘመ ይተበተብና ውሃ የነበረው እንደ ማር እየተጎተተ ይወርዳል። ልክ አለው ታዲያ። ከልኩ ካለፈ ትብትቡ ይላላል፣ ሳሙናውም ተመልሶ ይቀጥናል፤ ጨው ደግሞ አንዴ ከገባ አይወጣም። ቀጭኑም እኮ ያጥባል! ግን ይህን ለገዢ ማን ያስረዳዋል? ጠርሙሱን ዘቅዝቆ ካልተጎተተለት ‘ውሃ ሸጡልኝ’ ነው የሚለው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌው ቀላቃይ፣ ትኩስ ሳሙና ሁልጊዜ ቀጭን ነውና ሳይበርድ እንዳትፈርጂበት ይሉኝ ነበር። መቶ ጊዜ ብለውኛል።

የመጀመሪያው ዓይንሽ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ቀን አስታውሺ። ቀጠሮሽ ለስምንት ሰዓት ነበር፤ ሰባት ሲሆን ሳሙናው የሚቀላቀልበት ጋን ገና ይተናል። ቀዳዳ ባለው ኩባያ ቀድቼ እንዴት እንደሚወርድ ሳየው ተንዠቀዠቀ። መጠበቅ ነበረብኝ። አንቺ ደግሞ መግቢያው በር ላይ፣ ዘበኛው ወንበር ላይ፣ ዓይንሽን በመሐረብ ይዘሽ ተቀምጠሻል። አንድ ስፍር ጨው ጨመርኩ፤ አሁንም ቀጭን ነው። ሁለተኛ ጨመርኩ። ሦስተኛውን ደፋሁበትና ሽርጤን አውልቄ፣ ጋኑን አጠገቤ ለሚሠራው ለወንድሜ አደራ ብዬ፣ ወደ አንቺ ሮጥኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩትን የለቀመው ሌላ ሰው ነው።

ሲበርድ ሙሉ ጋኑ ውሃ ሆኖ ተገኘ። ኃላፊው ማነው ይህን ሁሉ ጨው የደፋው ብሎ ሲጮህ ወንድሜ እኔ ነኝ አለ። እጁ አልነካውም፣ እማዬ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አባረሩት። በማግስቱ ለምን እንዲህ አደረግክ ብዬ ብጠይቀው፣ የእማዬን የሕክምና ወጪ የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ ሁለተኛው ዓይን ገና ይቀራል አለኝ። እኔን እንደሆነ ድሮም ግዴለሹ ነው የምትለኝ፣ ምን ይጨመርብኛል ብሎ ሳቀ። ዝም በይ አለኝ፤ ዝም አልኩ።

የተጨመረበትን አንቺ ታውቂዋለሽ። በስንት ልመና ሥራ ያስገባሁት ልጅ አዋረደኝ ብለሽ፣ ፋሻሽ እንኳ ሳይፈታ፣ ደጄን እንዳትረግጥ አልሽው። እኔ አጠገብሽ ሆኜ ትራስሽን አስተካክል ነበር። ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሱ በየሕንፃው ብሎኬት ሲሸከም ይውላል። በቀደም ደግሞ ጎረቤትሽ፣ እናትሽ ስንት ልጅ አለሽ ተብላ ‘አንድ’ አለች ብላ ነገረችኝ። እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት ለኃላፊው ሁሉንም ነገርኩት። ሰባት ወር ሙሉ ምን ትጠብቂ ነበር አለኝ። የእናቴን ዓይን ልለው ነበር፤ ግን ሁለተኛው ዓይንሽም ከዳነ ሁለት ወር ሆኖታል። ሁለቱን ወር ዝም ያልኩት በፍርሃት ብቻ ነው። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም፣ ለአንቺ ግን እነግርሻለሁ። ውሳኔውን ዓርብ ያሳውቁኛል። ቢያባርሩኝ አትዘኝልኝ። መቆጣት ከፈለግሽም ተቆጪኝ፤ ግን እኔን ተቆጪ።

ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁትም። ያመጣልሽ ሰው ምን እንደተጻፈበት አያውቅም፤ ስለ መድኃኒትሽ ነው ብዬዋለሁ። ደጇን እንዳልረግጥ ተብያለሁ፣ ከአጥሩ ውጭ ሰጥቻት እመለሳለሁ፣ አልገባም ብሎ ነው የተቀበለኝ። መልስ ሳትይዝ እንዳትመጣ ብዬ ስላስማልኩት፣ ይህን ስታነቢ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። የመጣው ከሩቅ ነው፤ ቁርስም አልበላም። ፀሐዩም ከባድ ነው፣ እማዬ።

ፈጣሪ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

ሴት ልጅሽ