ግድግዳው ላይ የነበሩት ወንዶች

ይድረስ ለእህቴ ለዳሲቱ ኩምሳ፣ ቤይሩት።

እትዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበት ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ ይሰጡሻል? አሮጊቷ አሠሪሽ ጸባይዋ እንዴት ሆነ፣ አሁንስ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ? እኛን ካልሽ፣ እማዬ ደህና ናት፤ አባባም ከሳላቸው በስተቀር ደህና ናቸው፤ እኔም ከናፍቆትሽ በቀር ጤናዬን ነኝ። ክረምቱ ከብዷል። የወንዙ ድምፅ ቤት ድረስ ይሰማል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ የድምፅ መልእክት እየጀመርኩ አጠፋሁት፤ ድምፄን ስትሰሚ ታውቂብኛለሽ። የባለሱቁ የጋሽ ታጁ ልጅ ሰልዋ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ እናንተ ከተማ ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ለፋሲካ ስንደዋወል «አንተ ሥራ በያዝክ ማግስት ሻንጣዬን አስራለሁ» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ከተመረቅኩ ይሄ ሁለተኛው ክረምት ነው። የማርኬቲንግ ዲግሪዬን ይዤ ያላንኳኳሁት ቢሮ የለም። ሁሉም «የሥራ ልምድ አለህ?» ነው። ሥራ ሳይሰጡኝ ልምዱን ከየት ላምጣው? ግንቦት ላይ ግን አንድ በር ገርበብ ብሎ ነበር። በምን መሰለሽ? በአባባ ግድግዳ።

አባባ ጎረምሳ ሳሉ የሚያገለግሉት የፋብሪካው ፈረንጅ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ትቶላቸው የሄደውን የወንዶች መጽሔት፣ ገጽ በገጽ ገንጥለው በዱቄት ሙጫ የለጠፉበትን ግድግዳ እንዴት ትረሺዋለሽ። የሰፈሩ ሰው ጋዜጣ ይለጥፋል፤ እኛ ግን በባርኔጣ፣ በእጅ ሰዓት፣ በውስኪና ኮፈኗ በረዘመ መኪና ተከበን አደግን። ፀጉሩ የሚያብለጨልጨውን ሰውዬ «አቶ ቅባቱ» ያልሽው አንቺ ነሽ። ባለ ካፖርቱንማ «ባሌ ነው» ስትይ እማዬ «ባልሽ ዝናብ ይጠብቅ፣ አንቺ ውሃ ቅጂ!» ትልሽ ነበር። ኤቢሲዲን ያስቆጠርሽኝም ከምላጭ ማስታወቂያ ላይ፣ በእንጨት እየጠቆምሽ ነው። ማርኬቲንግ ካልተማርኩ ብዬ የሙጥኝ ያልኩት ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ለምን እንደዚያ እንደምንወዳቸው ሳስበው፣ በዚያ ወረቀት ላይ ሥራ የሚፈልግ ሰው የለም። ሁሉም ደርሷል። አንዱ እግሩን አነባብሮ ያጨሳል፣ አንዱ መኪናውን ተደግፎ ይስቃል፤ የሚቸኩል የለም። ከዕቃዎቹ አንዱም አቃቂ አልደረሰም፣ ኩባንያዎቹም ፈርሰው ይሆናል። እኛ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያምረናል።

እና ቦሌ አካባቢ የማስታወቂያ ድርጅት ያላት ሶሊያና የምትባል ሴት አለች። ማመልከቻ ላስገባ ሄጄ በስልኬ ያነሳሁትን ግድግዳ ባሳያት ከወንበሯ ተነሳች። «ይሄ ኦሪጅናል ነው? እውነትህን ነው?» «እማዬ ትሙት!» አልኳት። ለካ በድሮ ዘመን መልክ የወንዶች ፀጉር ቤት የሚከፍት ደንበኛ አላት። «ሰው አሁን የሚፈልገው የድሮ ነገር ነው። ገጾቹን ሳይቀደዱ አምጣልኝ፤ ሥራውን አንተው ትመራዋለህ፣ ከዚያ ቋሚ ትሆናለህ» አለችኝ። ከቦሌ አቃቂ በምን ታክሲ እንደመጣሁ አላስታውስም።

አባባን ለመጠየቅ አፍሬ ስንተባተብ ሳልጨርስ «ላጠው» አሉኝ። «እኔ የለጠፍኩት ጭቃው እንዳይታይ ነው። አንተ ሥራ ከያዝክ ጭቃው ይታያ! ልጄም ትመጣለች።»

በማንቆርቆሪያ ውሃ አፈላን። አባባ እንፋሎቱን ያስጠጋሉ፣ እኔ በቢላዋ ጫፍ አላቅቃለሁ። መጀመሪያ ላይ እንደ እንቁላል ቅርፊት ነበር የሚለቀው፤ የላጥነውን እንዲደርቅ እዚያው ግድግዳው ሥር እናነጥፋለን። እማዬ ሙሽራ ሆና የገባች ጊዜ ገብርኤልን የለጠፈችበት ቦታ ስንደርስ፣ ከሥሩ መኪና ላይ የተጋደመች ሴት ብቅ አለች። አባባ ትክ ብለው አዩዋትና «አንቺ፣ አላረጀሽም እኮ!» አሏት። እማዬ ከጓዳ «እሷ ምን ጭስ ነክቷት! ያንተን ቤት ጭስ የጠጣሁት እኔ!» ብላ መለሰችላቸው። እትዬ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

ከወረቀቱ ጀርባ ግን ምስጥ ማገሩን በልቶ ጨርሶት ኖሯል። ማናችን አወቅን? ግድግዳው ቆሞ የነበረው በወረቀትና በዱቄት ነው። እንፋሎቱ ሲያርሰው ምርጉ ማበጥ ጀመረ። በመንገዱ ተሳቢ አለፈ፣ ቤቱ እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ፣ በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ቁጭ አለ። አባባን በኮታቸው ጎትቼ አወጣኋቸው። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ወረቀቶቹ ግን ከጭቃው ሥር ቀሩ፣ የሰኔ ዝናብም ወረደባቸው። ቆፍሬ የአቶ ቅባቱን ግማሽ ፊት አገኘሁ። ባልሽን አላገኘሁትም።

የተረፈውን ቁርጥራጭ በፌስታል ይዤ ሶሊያና ዘንድ ሄድኩ። «ውይ፣ የእኔ ወንድም!» ብላ ከልቧ አዘነች። ከዚያ ልታጽናናኝ፣ «ግን አትጨነቅ፤ ደንበኛው አልጠብቅም ስላለ ከኢንተርኔት አውርደን አትመነዋል» አለችና አሳየችኝ። ወረቀቱን ቢጫ አድርገውታል፣ ጠርዙን አጠውልገውታል፣ ብል የበላው የሚመስል ቀዳዳ ሳይቀር ሠርተውለታል። ሥራው ያምራል፣ አልዋሽሽም። ስለ ቋሚው ቅጥር ስጠይቃት «ትንሽ ልምድ ይዘህ ብቅ በል» አለችኝ።

አሁን በግድግዳው ፋንታ ጋሽ ታጁ የሰጡንን ሸራ ወጥረናል። ሦስታችንም ጓዳ ነው የምንተኛው። መኪና ሲያልፍ ሸራው ይነፋል፣ አባባ ያስላሉ፣ እኔ ጣራውን አያለሁ። መቀመጥ አልችልም፣ ታውቂኛለሽ። ባለፈው ሳሪስ አቦ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ «ማስታወቂያ ልሥራላችሁ» ስል አንዱ «እኛን ሰው ያውቀናል፣ አንተን ነው የማያውቅህ» ብሎ አሳቀብኝ። ሰኞም እወጣለሁ። እግሬ እሺ ይላል፤ ልቤ ነው የለገመብኝ።

እማዬ ጉንጭሽን ሳምልኝ ብላለች፤ ስለ ሳሉ አትጻፍ ብላኝ ነበር፣ ቀድሜ ጽፌዋለሁ። ጋሽ ታጁና ባለቤታቸው ሰዓዳ ሰላም ብለውሻል። አብራሽ ላለችው ለጠጄም፣ ባናውቃትም፣ ሰላምታችንን አድርሺልን፤ ሁለታችሁም ተደጋገፉ።

አባባ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናቸው። «ሥራ ይዟል ብለህ ጻፍላት። ትምጣልኝ። መጥታ ብትሰድበን ይሻላል» ብለውኛል።

እትዬ፣ ሥራ አልያዝኩም።

ወንድምሽ ፊሮምሳ ኩምሳ
አቃቂ በሰቃ
ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.