መሪውን እስክትለቅ

ሐሙስ፣ አውሮራ

ሦስት ኪሎ በሶ፣ ለሦስት ሰው፣ ለአምስት ቀን! «ጦር ሜዳ ነው እንዴ የምንሄደው?» ስለው ጌታሁን «ባህር ላይ ወጥ የሚሠራ ካለ አይቼ አደንቃለሁ» አለኝ። ባሌ ነው። ሃያ ዓመት ዴንቨር ሆቴል ወጥ ቤት የሠራ ሰው ስለ ምግብ ሲናገር አልከራከረውም።

የያዝነው፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሚጥሚጣ፣ ዝንጅብል፣ የማጥወልወል ክኒን፣ ሦስት የሕይወት አድን ጃኬት፣ የሮማን ካርታዎች። ያልያዝነው፦ ድፍረት። እሱም የጎደለው እኔን ብቻ ነው።

ካፒቴናችን ሮማን ናት። በአዘቦቱ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች። ሁለት በጋ ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ላይ አብረን የሸራ ጀልባ ተማርን፤ እሷ ፈተናውን አለፈች፣ እኛ ገመድ መሳብ ተምረን ቀረን። አስተማሪያችን ወደ ሳን ዲዬጎ ሊዛወር ነውና ጀልባውን ከሳንታ ባርባራ እንድናደርስለት አደራ ሰጠን። የባህሩን ዳር ይዘን ቀን ቀን እየሄድን፣ ሲመሽ ወደብ እያደርን።

ሮማን የምትሄደው ለአባቷ ነው። አቶ ምስጋናው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ውቅያኖስን በጠመኔ ሲሥሉ ኖረው በዓይናቸው አላዩትም። «ቀርጬ እልክልዎታለሁ ብያቸዋለሁ» ትላለች፣ በቀን አሥር ጊዜ።

ቅዳሜ፣ ቬንቱራ

ተጓዝን! ከወደቡ ራቅ እንዳልን ሮማን ሞተሩን አጠፋችው። ሸራው ነፋሱን ሲይዝ ጀልባዋ ጋደል አለችና ያለ ድምፅ መሄድ ጀመረች። እኔ «እግዚኦ» እላለሁ፣ ጌታሁን «ሃሌ ሉያ» ይላል። እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሱ ጴንጤ፤ ትዳራችን እንዲህ ነው። ሮማን «ሁለታችሁም ጸልዩ፤ ገመዱን ግን እንዳትለቁ» አለችን።

ትንሽ ውርደትም ነበረች። ወደቡ ላይ ጀልባዋን እንደ ሐይቁ አሳጥረን ጥብቅ አድርገን አሰርናት። ምሳ በልተን ስንመለስ ውሃው ወርዶ፣ ጀልባዋ በገመዷ ተንጠልጥላለች። ቼሪ ክሪክ መቼ ውሃ ወጥቶ ወርዶ ያውቃል! የጎረቤት ጀልባ ሽማግሌ እየሳቁ ፈቱልን።

እሑድ

ጠዋት አበራ ደወለ። የሮማን ወንድም ነው፣ ከደብረ ማርቆስ። እሷን ትቶ ለእኔ መደወሉ ራሱ አስፈራኝ።

«ሂሩትዬ፣ ሮማን አጠገብሽ ናት?»

«መሪው ላይ ናት።»

«እንዳትሰማሽ። አባባን ትንሽ አሟቸዋል። ሆስፒታል ናቸው። ለሷ እንዳትነግሪያት፣ ትጨነቃለች።»

«እውነቱን ንገረኝ፣ አበራ።»

«እውነቴን ነው፤ ትንሽ ነው ያመማቸው።» መስመሩ ተቋረጠ።

ትንሽ አሟቸዋል። የዚህን ትርጉም የማያውቅ ሀበሻ አለ? እኔም እናቴ ከሞተች በኋላ አሥራ አንድ ቀን «ትንሽ አሟታል» ስባል ነበር። አውሮራ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ አላውቅም። በመካከሉ ሠርግ ነበር። ጨፈርኩ። እስክስታ ስመታ ክብ ሠርተው አጨበጨቡልኝ። እያወቁ አጨበጨቡልኝ። መርዶው በማለዳ ሲነገረኝ ለእናቴ አለቀስኩ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ያ ጭፈራ ነው።

ጀልባ ላይ ሹክ ማለት አይቻልም። ታች አልጋው ጋ ያስነጠሰውን ላይ መሪው ጋ ያለው «ይማርህ» ይለዋል። ስለዚህ ለጌታሁን ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። አንብቦ ቁጭ አለ። ከሥሩ እንዲህ ጻፈ፦ «መሪውን እስክትለቅ አይነገራትም። ካፒቴናችን እሷ ናት።» ልክ ነው። ልክ መሆኑ ግን አላሳረፈኝም።

ሰኞ

ዶልፊኖች! ስድስት፣ ምናልባት ሰባት፣ ከጀልባዋ ጎን እየዘለሉ። ሮማን ስልኳን አውጥታ ትቀርጻለች፦ «አባዬ፣ ይኸውልዎት። እርስዎ በጠመኔ ሥለው ደወል ሲደወል የሚያጠፉት ባህር ይሄ ነው። ይሄኛው አይጠፋም።»

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ሮማን ዝንጅብል ይዛ ጠበቀችኝ። «አጥወለወለሽ አይደል የኔ እናት? አኝኪው፣ ይለቅሻል።» አኘክሁት።

ከዚያ ኃጢአት ሠራሁ። ፌስቡክ ስትከፍት የአባቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ታየዋለች ብዬ ፈራሁ። ስልኳ ባትሪው ሊያልቅ ነው። ቻርጀሯን አንሥቼ የበሶው ከረጢት ውስጥ ቀበርኩት።

«ቻርጀሬን አይታችሁልኛል? ቪዲዮውን ለአባዬ ሴንድ ላድርግ ነበር።»

የእኛ ለስልኳ አይገባም። ጌታሁን ገመድ ይጠቀልላል፣ እኔ ኩባያ አጥባለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ማክሰኞ፣ ኦሽንሳይድ

ነፋሱ ዛሬ አልቀለደም። ከቀትር በኋላ ሞገዱ ተነሣ፣ ጀልባዋ ጎኗን ይዛ ተኛች፣ ታች ያለው ዕቃ ሁሉ መሬት ወረደ። እኔ ምሰሶውን አቅፌ ቀረሁ። ሮማን ግን እግሯን ተክላ መሪውን ይዛ «ኮልፋክስን በበረዶ የነዳ ሰው ይሄን አይፈራም! ጌትሽ፣ ሸራውን ቀንስልኝ!» ትላለች። ቀነሰላት። ወደብ ስንገባ እጇ ከመሪው ላይ አልላቀቅ ብሎ ጣቶቿን አንድ በአንድ አፍታታሁላት። ትናንት ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት እንሆን ነበር? ይህን ለራሴ ደጋግሜ እላለሁ። ግማሹን አምነዋለሁ።

የሀበሻ ማኅበራችን እናት እትዬ አስካለ ከአውሮራ ደወሉ። ጌታሁን ነግሯቸው ኖሯል። የማኅበሩ ሰው ሁሉ ተነሥቷል፦ ወንበር ተገኝቷል፣ ወጥ ሊሠራ ነው፣ ሳን ዲዬጎ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ወደቡ ላይ ይጠብቁናል። መርዶ በወግ በወጉ ይነገራል አሉ። እኔ ያን ጊዜ በወጉ ነበር የተነገረኝ።

«አንድ ቀን ነው የቀረው» አለኝ ጌታሁን። «ዝም አይነቅዝም።»

«እኔ ግን ነቅዣለሁ» አልኩት።

ረቡዕ፣ ሳን ዲዬጎ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ቀኑ ጠርቶ ነበር፣ ነፋሱም ከኋላችን። የሳን ዲዬጎ ኮረብታ ብቅ ሲል ሮማን ጮኸች። «ጌትሽ፣ ና ያዝልኝ!» መሪውን ሰጠችውና መካከል ላይ ቆማ እስክስታ መታች። በሕይወት አድን ጃኬቷ፣ በባዶ እግሯ፣ ዓይኗን ጨፍና። «ሂሩት፣ አጨብጭቢ እንጂ!»

እጆቼን አነሣሁ። ማጨብጨብ አቃተኝ።

«ሮማንዬ፣ ቁጭ በይ።»

ፊቴን አየችና ቁጭ አለች።

«አባዬ ናቸው?»

«እሑድ አበራ ደውሎ ነበር። ትንሽ አሟቸዋል አለኝ።»

ሌላ አልጠየቀችም። እሷም ሀበሻ ናት። አልጮኸችም። ተነሥታ መሪውን ከጌታሁን ተቀበለችው። እንባዋ ይወርዳል፣ ዓይኗ ሸራው ላይ ነው።

«ሦስት ቀን አውቀሽ ዝም አልሽኝ?»

«አዎ። ቻርጀርሽንም የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

«አበራ ጋ ደውይልኝ። ከራሱ አፍ ልስማው።»

እዚያ መሽቷል። ደውዬ ስፒከር ላይ አደረግሁት።

«አበራ፣ ነገርኳት» አልኩ።

«ምነው ሂሩት፣ አትንገሪያት አላልኩሽም? በቃ የሐሞት ጠጠሩ ወጥቶላቸዋል፣ ነገ ቤት ይገባሉ። ቆዩ፣ ነቅተዋል፣ ላቅርብላችሁ።»

ከዚያ እንቅልፍ ያልለቀቀው ሻካራ ድምፅ መጣ፦ «ሃሎ? ሮማን?»

ሮማን መሪውን ለቀቀችው። ጌታሁን ዘሎ ያዘው። እሷ ስልኬን ቀምታ ጮክ ብላ አለቀሰች።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» አሉ አቶ ምስጋናው። «ማን ሞተ?»

ሦስታችንም እናለቅስ ነበር። ቆይተው ስለ ባህሩ ጠየቁ። ወደ ደቡብ ከሆነ የምንሄደው ባህሩ በቀኛችን መሆን አለበት አሉ። በቀኛችን ነበር። «ቪዲዮውን ስትልኪልኝ ሰሜኑ በየት በኩል እንደሆነ ንገሪኝ» አሏት።

ወደቡ ላይ አምስት የማናውቃቸው ሰዎች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። በዚያ ሁሉ መካከል ረስተናቸው ነበር። ሮማን እየሳቀችም እያለቀሰችም ስትወርድ አንዲት እናት «ወይኔ ልጄን፣ ኀዘን አእምሮዋን ነሣት!» ብለው አቀፏት። ማስረዳቱ ረጅም ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ በሶ በጥብጠን አጠጣናቸው፤ ቻርጀሩም ያኔ ወጣ። ሮማን ዱቄቱን አራግፋ ኪሷ ከተተችው። እኔን አላየችኝም።

ሐሙስ፣ አውሮፕላን ላይ

ሮማን መስኮት ዳር፣ ጌታሁን መሃል፣ እኔ መተላለፊያው ላይ። «ጌትሽ፣ ውሃ ትፈልጋለህ?» ትለዋለች። እኔን አትጠይቀኝም። እሳቸው መትረፋቸው ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ግን እሷን ያጣሁ ይመስለኛል፤ የፈሩት ይደርሳል።

ቅዳሜ፣ አውሮራ

እትዬ አስካለ ለለቅሶ የተሠራ ወጥ አይጣልም ብለው ሰዉን ሁሉ ጠሩ። በሮማን ቤት ጋራዥ ውስጥ፣ በለቅሶው ወንበር ላይ፣ ሰው ተቀምጦ ይስቃል። «በቁማቸው ተዝካር የተበላላቸው ሰው ዕድሜያቸው ይረዝማል» ይላሉ እትዬ አስካለ፣ ሙዳ ሥጋ እያነሡ። እኔ ሰሃኔን ይዤ ደጅ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሮማን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ረቡዕ ለምን አላጨበጨብሽልኝም?»

ነገርኳት። ሠርጉን፣ አሥራ አንዱን ቀን፣ ክብ ሠርተው ሲያጨበጭቡ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ከዚያ «እኔም እዚያ ነበርኩ» አለች። «አውቅ ነበር። አጨብጭቤልሻለሁ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። አላውቅም ነበር። ከበደኝ፤ ደግሞ ወዲያው ቀለለኝ። ሁለታችንም ያው ነን።

እጄን ያዘችኝ። ጣቶቿ ላይ መሪው የላጣቸው ቦታዎች ገና አልዳኑም። «ከእንግዲህ ሲያማቸውም ንገሪኝ፣ ሲሞቱም ንገሪኝ። መሪ ብይዝም፣ አውቶቡስ ብይዝም።»

«እሺ።»

ይህን ተባብለን ሳንጨርስ ስልኬ ጮኸ። አበራ ነው። ደግሞ ለምን ለእኔ ደወለ? ሃሎ ሳልል ለሮማን ሰጠኋት። ፊቷን ማየት ፈርቼ ጫማዬን አየሁ። እሷ ታዳምጣለች። ውስጥ ሰው ይስቃል።

«አዎ አባዬ» አለች በመጨረሻ። «ቪዲዮው ላይ ሰሜኑ በቀኝ በኩል ነው።»