ለአምስተኛው የመሠረት ድንጋይ ወንበር ስለ መጠየቅዎ

ለክቡር ዶክተር ክዌኩ አሙዋ
የአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ዕቅድ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእርስዎንም የቤተሰብዎንም ጤና ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ የመኪናዎንም ጭምር፣ መንገዳችን ማንንም አይምርምና።

እኔ በኒው አሰምፓ ሰፈር ድንኳንና ወንበር የማከራይ ሴት ነኝ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እርስዎም ዩኒቨርሲቲውን ቀስ ብለው ስለሚሠሩ እንግባባለን ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አራቱ የመሠረት ድንጋዮች አመሰግናለሁ። ለአራቱም ወንበር የደረደርኩት እኔ ነኝ። የሰፈራችን ባህላዊ አለቃም አራት ጊዜ ለሞቱት አያቶቻችን እንደ ልማዳችን አረቄ መሬት ላይ አፍስሰዋል፤ ምናልባት አያቶች ሰክረው ይሆናል ዩኒቨርሲቲውን የረሱት። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲጣል ልጄ ኤኩዋ አምስተኛ ክፍል ነበረች። በሦስተኛው ጊዜ ወንበር ስታግዘኝ፣ «እማዬ፣ ይሄ ዩኒቨርሲቲ ከኛ ወንበር ሌላ ዕቃ የለውም እንዴ?» ብላ ሳቀች። ትልቅ ሰው እየተናገረ አይሳቅም ብዬ ተቆጣኋት።

ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ስላልደረሰላት ነርስነት ለመማር ዋና ከተማው ድረስ ትሮትሮ በምንለው ሚኒባስ ትመላለስ ነበር፤ መሄጃው ሁለት ሰዓት፣ መመለሻውም ሁለት ሰዓት። ባለፈው መጋቢት ሚኒባሱ ሲሚንቶ ከጫነ መኪና ጋር ተጋጨ፤ ልጄም አልተመለሰችም። ሲሚንቶው የዩኒቨርሲቲው እንደሆነ ጠይቄ ነበር። አይደለም አሉኝ፤ እንኳን ሲሚንቶ፣ አንድ ጡብም ገና አልታዘዘም። ስለዚህ ኮሚቴዎ ከደሙ ንጹሕ ነው።

ለቀብሯ ወንበር ሳወርድ አንዱ ጀርባ ላይ ከአራተኛው በዓልዎ የቀረ «የተከበሩ እንግዶች» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። አልላጥኩትም። ጎረቤቶቼ ከእንግዶችዎ ይልቅ ብዙ ሰዓት ተቀመጡ።

ሦስተኛ፣ ጸሐፊዎ ቤቴ መጥቶ አንድ አዳራሽ በኤኩዋ ስም እንደሚሰየም አበሠረኝ፤ ሲወጣም ለአምስተኛው ድንጋይ ሦስት መቶ ወንበር አዘዘኝ። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። ነገር ግን እሷ ያልገባችበት አዳራሽ ውስጥ ስሟ ብቻውን ምን ይሠራል? ታናሿ ኤሲ በመስከረም በዚያው መንገድ መመላለስ ትጀምራለች። አዳራሹ እስኪደርስ ጠዋት ወስዶ ማታ የሚመልስ አንድ ደህና አውቶቡስ ይስጡን። የማንም ስም አይጻፍበት።

በአራቱ ድንጋዮችዎ አጠገብ የምታረጅ፣ የዘወትር ወንበር አቅራቢዎ፣
አራባ ኩዋንሳህ

ማስታወሻ፦ ሦስት መቶዎቹ ወንበሮች ለበዓልዎ አይመጡም። መንገዱ ዳር ደርድሬያቸዋለሁ፤ ለትምህርት የሚመላለሱት የሰፈሩ ልጆች ተቀምጠው አውቶቡሱን ይጠብቁባቸዋል። ወረቀት የተለጠፈበት ወንበር ከፊት ነው፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ይምጡና አብረውን ይጠብቁ።