የአብርሆት ጥያቄ

የካቲት 1፣ 2002፣ ቦንጋ

ዝናብ። ጫማዬ አልደረቀም። ከሰዓት ታሪክ አስተማርኩ። አሜሪካ የሰፈሩ እንግሊዞች በገዛ ንጉሣቸው ላይ ለምን አመፁ? ግብሩ ብቻ አይደለም አልኳቸው፤ ግብሩን በሚወስነው ፓርላማ ስለ እነሱ የሚናገር ሰው አልነበረም። ግማሾቹ እያንቀላፉ ነው።

ከኋላ አብርሆት እጇን አወጣች። ከዋጫ አካባቢ የመጣች፣ ዝምተኛ ልጅ።

«ቲቸር፣ እኛ ተወካይ አለን። የአባቴ የቡና ጫካ ለባለሀብት ሲሰጥ እሱም ደግፎ እጁን አወጣ። ተወካይ መኖሩ ታዲያ ምን ጠቀመን?»

የተኙት ነቁ። እኔ ግን… «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

የካቲት 3

ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ግዛቸው አስጠሩኝ። አጠገባቸው የማላውቀው ሰው ተቀምጧል።

«ምርጫ እየደረሰ ነው» አለ ሰውዬው። «ክፍልሽ ውስጥ ፖለቲካ ተነስቷል። የጠየቀው ተማሪ ማነው?»

ጋሽ ግዛቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። ማን ነገራቸው? ከልጆቹ አንዱ? ስሟን ካወቁ አባቷ ዘንድ ለመድረስ ምን ይቀራቸዋል?

«ተማሪ አልጠየቀም። እኔ ነኝ ለምሳሌ ያነሳሁት።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ሰውዬው ፈገግ አለ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 4

አብርሆት አልመጣችም።

የካቲት 9

ጋሽ ግዛቸው ደጅ ላይ ጠበቁኝ። «ወደ ደካ ተዛውረሻል። የታሰበልሽ ከዚህ የባሰ ነበር፤ ለምኜ ነው።» ልመርቃቸው ወይስ ልርገማቸው?

የአብርሆት አባት ጋሽ ወልደ ማርያም ጫካውን ሊለኩ የመጡትን ከልክለው ታሰሩ አሉ። እኔ ስሟን ሳልናገርም… ታዲያ ውሸቴ ማንን አዳነ?

መጋቢት 20፣ ደካ

ወሬው ቀድሞኛል። መምህራኑ ሰላምታ ሰጥተውኝ ቶሎ ያልፋሉ።

ዛሬ አብርሆት ደወለች። አባቷ ተፈተዋል።

«ትናንት ቀበሌው ሰበሰበን፣ ቲቸር። ጫካውን ወደን ሰጠን ብለን እንድናጨበጭብ።»

«እና?»

«አባዬ ተነሳ። በካፊኖኖ፣ በራሳችን ቋንቋ፣ ‹አልሰጠንም› አለ። ሌላ አልጨመረም። ሊቀመንበሩ ተቀመጥ ሲለው ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። ከዚያ ሌላ…»

«አንቺስ?»

«እኔም። እማዬም።»

«ከዚያስ?»

«ሁላችሁም ቁጭ በሉ ተባልን። ማንም አልተቀመጠም።»

ስልኩን ስዘጋ ነው ያስተዋልኩት… ለካ እኔም ቆሜአለሁ።