ቃጠሎ ሲመጣ ስለሚቆለፈው የመጋዘን በር

ለክቡር ሚስተር ኤልዉድ ስትራተን
የኮልተር ካውንቲ ምክር ቤት ሰብሳቢ
ካሊፎርኒያ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ጭሱ በማይደርስበት የኮረብታ መኖሪያዎ፣ በሙሉ ጤንነትና በንጹሕ አየር እንደሚገኙ ተስፋ እያደረግሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እኔ ካለፈው ቃጠሎ ወዲህ በተጎታች ቤት የምኖር፣ ከእሳት የተረፈ ዕቃዬን በኪራይ መጋዘን የማስቀምጥ፣ አሁን ደግሞ ሰው በመደብደብና ንብረት በማውደም የተከሰስኩ ታዛዥ ነዋሪዎ ነኝ።

፩ኛ፣ የሰፈራችን ጸጥታ እንዳይደፈርስ ብለው ጄኔሬተር በተጎታች ቤቶች ግቢ እንዳይቀመጥ ስለከለከሉልን እናመሰግናለን። ወንድሜ ዴል የጉድጓድ ቁፋሮ አቧራ ሳንባውን የበላው፣ በኦክስጅን ማሽን የሚተነፍስ ሰው ነበር። እኛም ደንብዎን አክብረን ጄኔሬተሩን መጋዘን አስገባነው።

፪ኛ፣ ነፋስ ሲነሣ ሽቦው እሳት እንዳይጭር መብራት እንደሚቋረጥ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ተቋረጠ፤ ማሽኑም ቆመ። ለዴል ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚበቃውን ትርፍ የኦክስጅን ጠርሙሱን ገጥሜለት ወደ መጋዘኑ በረርኩ። የበሩን የመክፈቻ ቁጥር ብነካ ብነካ አልከፍት አለ። አስተዳዳሪው ግራቨር ከአጥሩ ማዶ ቆሞ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ኪራዩ እጥፍ ሆኗል። ልዩነቱን በስልክሽ ካልከፈልሽ ቁጥሩ አይሠራም" አለኝ። የስልኩ ኔትወርክ ማማ ከበስተጀርባዬ እየነደደ ነበር። "ወንድሜ ታፍኖ እየሞተ ነው፤ ክፈትልኝ በፈጠረህ!" ስለው፣ "እኔ ምን ላርግሽ እህቴ፣ የሚዘጋው ኮምፒውተሩ ነው" አለ።

ለክሱ እንዲረዳ የቀረውን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ፒካፕ መኪናዬን ወደ ኋላ አስኬጄ በሩን ገጨሁት፤ አልበቃ ቢለው ደገምኩት። በሩ ሲወድቅ ግራቨር ብረት ይዞ መጣና ግራ ክንዴን ሰበረው። እኔም በቀኜ ብረቱን ነጥቄ መንጋጋውን አልኩት። ጥርሱ ከደሙ ጋር መሬት ሲወድቅ ደስ አለኝ፤ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል። እንደኔው በር ላይ የቀሩ ጎረቤቶች ጄኔሬተሩን ጫኑልኝ። ቤት ስደርስ ዴል ጭምብሉን ነክሶ፣ ፍራሹን በጥፍሩ ቦጫጭቆ ሞቶ ነበር።

፫ኛ፣ በአደጋ ጊዜ ዋጋ እንዳይጨመር ያወጡት ደንብ ውሃንም፣ ቤንዚንንም፣ የውሻ ምግብንም ሲጠብቅ፣ መጋዘንን ግን "መሠረታዊ ፍላጎት አይደለም" ብሎ እንደተወው ከቀብር መልስ አነበብኩ። የካውንቲው ውሾች በመጥገባቸው ደስ ብሎናል። ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ከዝናቡ በኋላ እንደሚያቋቁሙም ሰምተናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእርስዎ ምክር ቤት ግን ከመጮሁ በፊት ስብሰባ ይጠራል።

የምለምነው አጭር ነው። አደጋ በታወጀ ጊዜ ማንኛውም መጋዘን በሩን ይክፈት፤ ዋጋውንም አይንካ። ይህ ቢዘገይ ፒካፔ ገና እንደሚሠራ በትሕትና አሳውቃለሁ።

ግራ ክንዴ በጄሶ ስለታሰረ ወሰን የለሽ አክብሮቴን በአንድ እጅ ብቻ ለመግለጽ በመገደዴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣
የክቡርነትዎ ትሑት አገልጋይ
ሎርና ቲቤትስ

ማስታወሻ፦ የመጋዘኑ ውል በዴል ስም በመሆኑ፣ ኪራዩን ለማቋረጥ እሱ ራሱ በአካል ቀርቦ እንዲፈርም ድርጅቱ ጽፎልኛል። ክቡርነትዎ ሥልጣን ስላለዎት ሄደው ቢያስፈርሙልኝ። የመቃብሩ በር ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፤ ቁጥር የሚጠይቅዎት የለም።