በፈተናው ቀን የተፈታው መስመር

ለሕንጻዎች የኤሌክትሪክ ደህንነት ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኔ 14
ጉዳዩ፦ ሳይፈተን «ደህና ነው» የተባለው የቤቴ ሽቦ እንዲፈተን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ። ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ቃሌን ሲያሳምሩ ቁጣዬን ያወጡብኛል ብዬ ራሴ ጽፌዋለሁ።

1. ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በአሮጌው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ብቻዬን እኖራለሁ። ጣሪያው ሲያፈስ የወጥ ቤቴ ግድግዳ ይርሳል፤ ሲርስ ደግሞ ይነዝራል። በውስጡ ያለው ሽቦ ልባሱ ተሰነጣጥቋል። ባለፈው ልጄ ዕቃ ስታጥብልኝ ክንዷ ግድግዳውን ነካና ወለሉ ላይ ወደቀች። ስትነሣ፣ «አባዬ፣ ይህ ቤት ካልተሠራ ልጆቼን ይዤ አልመጣም» አለችኝ። ይኸው አልመጣችም። ግትርነቷ የእኔው ነው።

2. ለመሥሪያ ቤትዎ ሳመለክት የመስኮቱ ሠራተኛ፣ «እርጅና ነው፤ እጅ ያንቀጠቅጣል» አለኝ። እጄ መንቀጥቀጡን አልክድም። ልጄን የጣላት ግን የእኔ እርጅና አይደለም።

3. ከስንት ምልልስ በኋላ ባለሙያ መጣ። መብራት ጠፍቶ፣ ዕቃው ሁሉ ከሶኬት ተነቅሎ፣ የሕንጻው ሽቦ ሁሉ ልባስ ኤሌክትሪክ ያሾልክ እንደሆነ ከማከፋፈያው ሳጥን ላይ በመሣሪያ ሊለካ ነበር። እሱ ከመድረሱ በፊት የሕንጻው ተቆጣጣሪ የእኔን ቤት መስመር ከማከፋፈያው ሳጥን ፈታው። ምን እያደረግህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ የእርስዎ ከገባ ሕንጻው በሙሉ ፈተናውን ይወድቃል፤ መብራት ተቆርጦ ጎረቤት ሁሉ ይጨልማል» አለኝ። የታመመውን አልጋ ሥር ደብቆ ጤነኛውን ለሐኪም ማሳየት ምን ይሉታል? ለባለሙያው ብነግረው፣ «መሣሪያ አይዋሽም» ብሎ ፈርሞ ሄደ። መሣሪያውማ አልዋሸም፤ ስለ እኔ ሽቦ ማን ጠየቀው? ባለሙያው እግሩ እንደወጣ መስመሩ ተመልሶ ታሰረ።

4. ስለዚህ ባለሙያ እንደገና እንዲላክልኝ፣ ሳጥኑ በእኔ ፊት ተከፍቶ የእኔም መስመር እንደታሰረ እንዲፈተን፣ ከወደቀ ሽቦው እንዲቀየር በትሕትና አመለክታለሁ። ቤት ቀይር የሚለኝ ሰው ግን እንዳይልኩብኝ። ባለቤቴ ዓይኗን የከደነችበትን ቤት ለሽቦ ብዬ አልለቅም።

አይሆንም ካላችሁ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት የፈረመው ሰው ይምጣና መዳፉን ግድግዳዬ ላይ ያሳርፍ። አይ፣ እሱም የሰው ልጅ ነው፤ አያሳርፍ። መሣሪያውን ብቻ ይዞ ይምጣ።

እስከዚያው ዋናውን ማጥፊያ ዘግቼ በሻማ ተቀምጫለሁ። ልጄ በደወለች ቁጥር «ተሠራ ወይ?» ትለኛለች። የምመልስላትን ከእርስዎ እጠብቃለሁ።

ንዴቴ ከማይሽረው አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

ጡረተኛው አናጢ (በገዛ እጄ የፈረምሁት)
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ። በሩን ጠንከር አድርገው ያንኳኩ፤ ደወሉ የኤሌክትሪክ ነው።