የባትሪው ገመድ

ይድረስ ለልጄ ሕዝቅያስ፣ ጆሃንስበርግ።

ሰላምህ ይብዛልኝ ልጄ፤ እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። መኪናዋ ብቻ ከሰኞ ጀምሮ አልነሳ ብላ አስቸገረችን። መካኒኩ ደምሴ «የባትሪው ገመድ ላልቷል» ብሎ አጠበቀው። በማግስቱም ላልቶ ተገኘ።

«የታቦር ኮረኮንች መንገድ ነው የሚያላላው» አለ አባትህ።

«ጋሼ፣ ግቢ ቆማ ያደረች መኪና ምን መንገድ አግኝቷት?» ብሎ ደምሴ ሳቀበት።

እኔ ግን በመስኮት አይቼዋለሁ፤ ማለዳ መፍቻ ይዞ፣ እየዳበሰ የሚያላላው ራሱ አባትህ ነው። ባለፈው እሑድ እሱ እየነዳ ከቸርች ስንመለስ፣ ትራፊክ መብራቱ ጋ ቆሞ «አሁን አረንጓዴ ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር።

ትናንት ደምሴ እንደገና ሊያጠብቀው ሲያጎነብስ፣ «ተወው፣ ሕዝቅያስ ሲመጣ ያጠብቀዋል» አልኩት። አባትህም ቶሎ ብሎ «እውነቷን ነው» አለ።

ባጃጁን ለምደነዋል፣ አታስብ። ለመሆኑ መቼ ትመጣለህ?

በሄድክበት ሁሉ ጌታ ይቅደምልህ።

እናትህ ጽጌሬዳ፣ ከሐዋሳ